ጫና፣ ውጥረት፣ ጭንቀት፣ ዝለት፤ የሥራ ቦታ ሕመም ስያሜ ከጣና ዳር ታሪክ አንጻር

መግቢያ

«ስትሬስ» የሚለውን ባዕድ ቃል ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጸሐፊዎችና ተርጓሚዎች ሦስት መንገድ ሲከተሉ ይታያሉ። ገሚሶቹ «ጭንቀት» ይሉታል፤ ገሚሶቹ «ውጥረት» ብለው ይተረጕሙታል፤ የቀሩት ደግሞ ቃሉን እንዳለ በፊደላችን ጽፈው ያልፋሉ። ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ረዥም ክርክር ባላስፈለገው ነበር። ዳሩ ግን አንድ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ሲታመም ሕመሙን የምንጠራበት ስም የችግሩን መነሻ የት እንደምንፈልገው ይወስናል። «ጭንቀታም ነው» የተባለ ሰው የችግሩ ምንጭ በገዛ ልቡ ውስጥ እንዳለ ተደርጎ ይታያል፤ «ጫና በዝቶበታል» የተባለ ግን የጫነው ማን እንደሆነ ያስጠይቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አማርኛ ምክንያቱን፣ ኹኔታውንና ውጤቱን ለየብቻ የሚጠሩ ነባር ቃላት እንዳሉት፣ እነዚህንም በአንድ «ጭንቀት» ሥር ማከማቸት በሕግ፣ በሕክምናና በጥናት ላይ ጉዳት እንደሚያስከትል ማሳየት ነው። ማስረጃው በአመዛኙ የተወሰደው ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር ነው። በዚህ አካባቢ የታንኳው፣ የሞፈሩና የጭነት ከብቱ ሥራ ከፋብሪካ ፈረቃ ጋር የተገናኘው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ስለሆነ የቃላቱ የትርጕም ጉዞ በግልጽ ይታያል።

1. ከፋብሪካው በፊት የነበረው ሥራና ቃላቱ

በጣና ዳር የነበረው ሥራ ቀላል አልነበረም። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች፣ ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉት ቀዛፊዎች፣ በዘጌ ደን ውስጥ ቡናና ጌሾ የሚለቅሙት ገበሬዎች፣ ከሐይቁ ወዲያ ወዲህ በበሬ የሚያርሱት አራሾች፣ ሁሉም በጉልበታቸው የሚያድሩ ነበሩ። ወባው፣ የዝናቡ መዛባትና የግብሩ ክብደት ይታወቃል። ስለዚህ የድሮው ሠራተኛ ያለ ሐሳብ ይኖር ነበር ብሎ መጻፍ ታሪክን ማሳመር ይሆናል።

ይሁን እንጂ ያ ሥራ ሁለት ጠባዮች ነበሩት። አንደኛው፣ የድካሙ ልክ በዐይን የሚታይ መሆኑ ነው። «ጫነ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ጭነት» በከብት ጀርባ ላይ የሚወጣውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የእህል መጠንንም ያመለክት ነበር፤ «አንድ ጭነት ጤፍ» ሲባል ሻጭም ገዢም ልኩን ያውቀዋል። ከልክ በላይ የተጫነ ወይም ኮርቻው በትክክል ያልተደላደለለት ከብት ጀርባው ይላጣል፤ ይህ ቍስል «ገጣባ» ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንሻው፣ የጭነት ሥራ ቋንቋ ምክንያቱንና ውጤቱን በሁለት የተለያዩ ቃላት መጥራቱን ነው። ጭነቱ ሌላ፣ ገጣባው ሌላ ነው። ገጣባ ያየ ሰውም «ይህ አህያ ጠባዩ ገጣባ ነው» አይልም፤ ጫኙን ይወቅሳል እንጂ።

ሁለተኛው ጠባይ የፋታ መኖር ነው። የደንገል ታንኳ በውኃ ላይ ሲውል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ታንኳው ሲያርፍ ባለታንኳውም ያርፋል። አራሹም ሰንበትን ብቻ ሳይሆን በየወሩ የሚውሉትን በዓላት አክብሮ ሞፈር ሳይነካ ይውላል። የከበደው ሥራ በደቦና በወንፈል ይከናወናል። «ፋታ» የሚለው ቃል ዛሬም በ«ፋታ የለኝም»፣ «ፋታ ነሣኝ» ውስጥ የሚሰማው ይህንኑ በሁለት ድካሞች መካከል የሚገኝ መተንፈሻ ለመጥራት ነው።

ከገበሬው ቋንቋ ሌላ የገዳማቱም ቋንቋ መጠቀስ አለበት። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት የሚነበቡት መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ የብሕትውናን ድካም ይመረምራሉ። በግእዙ «ሀኬት» የሚባለው የመታከትና የመስነፍ ኹኔታ በዚህ ትምህርት ውስጥ ተጋድሎ የሚደረግበት ፈተና ነው። ለመነኰስ ይህ አገባብ በቦታው ነው፤ ሥራውን የመረጠው እርሱ፣ ተጋድሎውም ከራሱ ጋር ነውና። ለደመወዝ የሚሠራውን ሰው ድካም ግን በዚሁ ሚዛን መመዘን አይገባም። «ሰነፍ»፣ «ታካች»፣ «ስልቹ» የሚሉት ቅጽሎች በመሥሪያ ቤት ሲነገሩ የዚህን አመለካከት ጥላ ይዘው እንደሚገኙ ማስተዋል ያስፈልጋል።

2. የፈረቃው ዘመን

ባሕር ዳር የኢንዱስትሪ ከተማ መሆን የጀመረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1955 ዓ.ም. ተከተለ፤ የጢስ ዐባይ የውኃ ኀይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ብርሃኑን ሰጠ። በመሆኑም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእርሻና ከሐይቅ የመጡ ወጣቶች በመኪና ፊት ቆሙ።

የለውጡን ጥልቀት ለመረዳት ሽመናን ራሱን መመልከት ይበቃል። ሸማኔ በጕድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ምቱን የሚወስነው እጁና እግሩ ነው፤ ሲደክመው ያቆማል። በፋብሪካው ግን ምቱን የሚወስነው ሞተሩ ሆነ። ሠራተኛው አንድ ሳይሆን ብዙ መኪና ይጠብቃል፤ ክር ሲበጠስ ፈጥኖ ይቀጥላል፤ የመኪናዎቹ ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያነጋግር ያግደዋል፤ የጥጡ ብናኝ ከሳንባው ይገባል። ሌሊት መሥራትም መጣ። የሰው አካል በቀንና በሌሊት መፈራረቅ የሚመራ የእንቅልፍ ሥርዐት ስላለው የሌሊት ሥራ እንቅልፍን፣ የምግብ መፈጨትንና የልብን ጤንነት እንደሚያውክ ዛሬ በሰፊው የታወቀ ነው።

ከዚህ ሥራ ጋር ቃላትም መጡ፤ ነባሮቹም ትርጕማቸውን አሰፉ። «ፈረቃ» ከ«ፈረቀ» የወጣ ነው። «ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ» በሚለው አነጋገር የተፈጥሮን ሥርዐት ይገልጽ የነበረው ግሥ፣ ሌሊቱን ቀን የሚያደርገውን የሥራ ክፍፍል መጥሪያ ሆነ። «ደመወዝ» በነባሩ አፈታት «ደም» እና «ወዝ» ተጣምረው የሰጡት ነው፤ ዋጋው ከሰውነት የወጣው ነገር ምትክ መሆኑን ይናገራል። ከአብዮቱ በኋላ የተስፋፉት «ወዝ አደር» እና «ላብ አደር» በዚሁ መሥመር ላይ የቆሙ ናቸው። እነዚህ ስያሜዎች ሁሉ የሚቈጥሩት ከቆዳ ላይ የሚታየውን ድካም ነው። ከውስጥ ለሚደርሰው፣ ማለት ለትኵረት መሟጠጥ፣ ለመፍራት፣ ለመሰልቸትና ለእንቅልፍ ማጣት፣ የተለየ የሙያ ስያሜ በዚያን ጊዜ አልተዘጋጀለትም።

ሕጉም በዚሁ ዘመን ተንቀሳቅሷል። የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመውና የሠራተኛ ግንኙነት ዐዋጅ ቍጥር 210 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ለማኅበር ጥሪ የሚስማማ ቢሆንም የጥያቄዎቹ ቋንቋ በአመዛኙ የደመወዝ፣ የሰዓትና የአደጋ ካሣ ቋንቋ ነበር። የመንፈስ ድካም በጥያቄ መልክ እንዲቀርብ መጀመሪያ ስም ማግኘት ነበረበት።

3. የባዕዱ ቃል ታሪክ

«ስትሬስ» በእንግሊዝኛም ሆነ በእናቱ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል ሲከተሉት «ስትሪንጌሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ይደርሳል፤ ትርጕሙ ማጥበቅ፣ ስቦ ማሰር ነው። ጭንቀት ለምንለው የእንግሊዝኛው አቻ ምንጩ ደግሞ «አንጌሬ» የሚል ሌላ የላቲን ግሥ ሲሆን ማነቅ፣ ማጥበብ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ሁለቱ ሐሳቦች በአውሮፓውያኑም ቋንቋ ከሥራቸው የተለያዩ መሆናቸውን ነው። አንደኛው የገመድ፣ ሁለተኛው የጕሮሮ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መሐንዲሶች ሁለት ቃላትን ለይተው ተጠቀሙ። በአንድ አካል ውስጥ በስፋቱ ልክ የሚያርፈውን ኀይል «ስትሬስ»፣ በዚያ ኀይል የተነሣ የሚመጣውን የቅርጽ መለወጥ «ስትሬይን» አሉት። ወደ ሕክምና ሲሻገር ግን ይህ ልዩነት ጠፋ። በካናዳ ሞንትሪያል የሚሠራው ሐንስ ሴልየ እ.ኤ.አ. በ1936 በታተመው አጭር ጽሑፉ፣ አይጦች በልዩ ልዩ ጎጂ ነገሮች ሲጠቁ ሰውነታቸው አንድ ዐይነት ምላሽ እንደሚሰጥ ገለጸ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፤ የመከላከያ ዕጢዎች ይኰማተራሉ፤ ጨጓራ ይቈስላል። በኋላ ይህን ምላሽ «ስትሬስ» ብሎ ጠራው፤ ይኸውም በመሐንዲሶቹ ቋንቋ የምክንያቱን ስም ለውጤቱ መስጠት ነበር። ግራ መጋባቱን ለማስተካከል ለምክንያቱ «ስትሬሰር» የሚል አዲስ ቃል መፍጠር ግድ ሆነበት። ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ሩስኛ ቃሉን ከነድምፁ ሲወስዱ አሻሚነቱንም አብረው ወሰዱ።

ስለ ሥራ ቦታ የተደረጉት ኋለኞቹ ጥናቶች ምክንያትና ውጤትን እንደገና ለይተዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሐሳብ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ሥራ ከትንሽ የመወሰን ነጻነት ጋር ሲገናኝ ነው። ከላይ የጠቀስነው የሽመና መኪና ጠባቂ የዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። ዮሐንስ ዚግሪስት እ.ኤ.አ. በ1996 የልፋትና የዋጋ አለመመጣጠንን ዋና ምክንያት አድርጎ አሳየ፤ «ልፋቴ ከንቱ ቀረ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ይህን ፅንሰ ሐሳብ በሦስት ቃላት ይገልጸዋል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 በርዳታ ሰጪ ሠራተኞች ላይ ያየውን ፍጹም መዛል «በርን አውት» ብሎ ጠራው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ይህን የሥራ ላይ ክሥተት እንጂ በራሱ በሽታ እንዳልሆነ አድርጎ አስገብቶታል፤ ሦስት ምልክቶችም ሰጥቶታል፤ እነርሱም የኀይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በልብ መራቅና የመሥራት ብቃት መቀነስ ናቸው።

4. የአማርኛው ዕቃ ቤት

እንግዲህ ተርጓሚው በእጁ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ እንመርምር።

ጫና፦ ከ«ጫነ» የወጣ ሲሆን ከውጭ የሚመጣ ክብደትን ያሳያል። «የሥራ ጫና» በሰፊው የሚነገር ነው። ጫኝና ተጫኝ አለው፤ ሊለካ፣ ሊቀነስ፣ ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ የምክንያቱ ስም ለመሆን ይገባዋል። «ግፊት» ለዚሁ ቦታ የቀረበ ቢሆንም በ«ደም ግፊት» እና በፊዚክስ የተያዘ ስለሆነ መደበላለቅ ያመጣል።

ውጥረት፦ «ወጠረ» የከበሮ ቆዳ፣ የድንኳን ገመድ፣ የክራር ክር፣ የሸማ ድር የሚወጠርበት ግሥ ነው። ተናጋሪው ሕዝብ ማንም ሳያስተምረው «ሥራ ወጠረኝ»፣ «ተወጥሬ ነው የሰነበትሁት» ይላል። ቃሉ ጠቃሚ የሚሆነው ሚዛን ስለሚያሳይ ነው። ድር ካልተወጠረ ሽመና የለም፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል። ሴልየ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጎውን ከጎጂው ለመለየት ያስፈለገውን ክፍፍል «ውጥረት» በባሕርዩ ይዞታል። በአገራችን ጋዜጦች «የፖለቲካ ውጥረት» በሚለው መለመዱ ቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ ፍቺው አንድ ነውና።

ጭንቀት፦ «ጨነቀ» የመጥበብንና መውጫ የማጣትን ስሜት ይገልጻል። «ጭንቅ» የምጥን ሰዓትና የመከራን ቀን ለመጥራት ያገለገለ ክቡድ ቃል ነው። በሥነ ልቡና ሕክምና «ጭንቀት» ራሱን የቻለ የሕመም ዐይነት ስም ሆኖ ቆሟል፤ «ድባቴ» ወይም «ድብርት» ደግሞ ለሌላው ሕመም ተሰጥቷል። ስለዚህ «ጭንቀት»ን ለ«ስትሬስ» መስጠት የተያዘ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ማስቀመጥ ነው። ጭንቀት የረዘመ ውጥረት ከሚያስከትላቸው ውጤቶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ውጥረቱ ራሱ ግን አይደለም።

ዝለት፦ «በርን አውት»ን ቃል በቃል «መቃጠል» ያሉ ተርጓሚዎች አሉ። ይህ ያስታል። በአማርኛ «ተቃጠልሁ»፣ «አንጀቴ አረረ» የሚል ሰው ቍጣውንና ቍጭቱን ይናገራል እንጂ መሟጠጡን አይናገርም፤ እንዲያውም የተቃጠለ ሰው ገና ኀይል አለው። የፈለግነው የነደደውን ሳይሆን ነዶ ያለቀውን ነው። «ዛለ» ጅማት ሲላላ፣ እጅ ሲዝል፣ ሰውነት መነሣት ሲያቅተው የሚነገር ስለሆነ «የሥራ ዝለት» ፅንሰ ሐሳቡን በሚገባ ይሸከማል። የተወጠረ ነገር መጨረሻው መላላት መሆኑንም ያሳያል። «መሰልቸት» የዝለት አንዱ ምልክት እንጂ ምትኩ አይደለም።

ስጋት፦ ይህ ቃል ከላይኞቹ ጋር እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በዐማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ወቅት በባሕር ዳር ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው በመንገድ የሚሰማው ስጋት ምንጩ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ነበር። በዚያው ቀን የተደራረበበት ሥራ ግን ጫና ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ውጥረት ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን በተለያዩ እጆች ነው።

5. የስያሜው ውጤት

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 377 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ የሥራው ሂደት የአካል፣ የኬሚካልና የባዮሎጂ ብቻ ሳይሆን የሥነ ልቡናም ጠንቅ ምንጭ እንዳይሆን ጥንቃቄ እንዲደረግ አዟል። በ2011 ዓ.ም. የተተካው ዐዋጅ ቍጥር 1156 ሐሳቡን ይዞ ቀጥሏል፤ መደበኛው የሥራ ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ እንዲውል አቤት ባዩ ጠንቁን በስሙ መጥራት አለበት። «ተጨንቄአለሁ» የሚል አቤቱታ ስለ ሰውየው ጠባይ ምርመራ ይጋብዛል፤ «የፈረቃው አደላደል ከዐቅም በላይ ጫና ፈጥሮ ለዝለት ዳርጎናል» የሚል ግን ምክንያቱን፣ ውጤቱንና ተጠያቂውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል።

ሁለተኛው ሕክምናው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ የውስጡን ድካም ብዙ ጊዜ በአካሉ በኩል ይናገራል፤ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «ጨጓራዬን ላጠው» ይላል። የመጨረሻው አነጋገር የሚያበሳጭ አለቃን ለመግለጽም ይውላል። ተርጓሚው ይህን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልስ የምሳሌውን ከሕመሙ መለየት አለበት። በሴልየ ዘመን የጨጓራ ቍስል የውጥረት ማኅተም ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን አውስትራልያውያኑ ማርሻልና ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ያገኙት ባክቴሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው፣ ዋና ከሆኑት የቍስሉ መንሥኤዎች አንዱ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ ጨጓራው «የተላጠ» ሰው ሁሉ መድኃኒቱ «አትጨነቅ» የሚል ምክር አይደለም።

ሦስተኛው ጥናቱ ነው። በነርሶች፣ በመምህራንና በባንክ ሠራተኞች ላይ የሚደረጉ የሥራ ውጥረት ጥናቶች በባዕድ ቋንቋ የተዘጋጁ መጠይቆችን ተርጕመው ይጠቀማሉ። በመጠይቁ ውስጥ ያለው ቃል በአንድ ቦታ «ጭንቀት»፣ በሌላ ቦታ «ጫና» ተብሎ ከተተረጐመ ተጠያቂው ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመልሳል፤ የተገኘውም ቍጥር ሊነጻጸር አይችልም። በተለይ «ጭንቀት» ለወንድ ሠራተኛ የድክመት ምልክት መስሎ ስለሚታይ መልሱ ወደ «የለም» ሊያዘነብል ይችላል። «ሥራ ይወጥርሃል ወይ?» ቢባል ግን ያለ ኀፍረት ይመልሳል። የአንድ ቃል ስሕተት የሕመሙን መጠን ሊሰውር ይችላል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

በስያሜ ሥራችን የተለመደው መንገድ አስቀድሞ በአማርኛ የሚነገረውን መፈለግ፣ ካልተገኘ ወደ ግእዝና ወደ ሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች መሄድ፣ በመጨረሻም መዋስ ነው። በዚህ ጉዳይ ከመጀመሪያው ደረጃ ማለፍ አያስፈልግም። ስለሆነም የሚከተለው አደላደል ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይቀርባል፤ ለምክንያቱ «የሥራ ጫና»፣ ለኹኔታው «ውጥረት»፣ ለስሜቱና በሕክምና ለሚታወቀው ሕመም ብቻ «ጭንቀት»፣ ለመጨረሻው መሟጠጥ «የሥራ ዝለት»፣ ለማገገሚያው ጊዜ «ፋታ»። የመጨረሻው በብዛት የሚዘነጋ ነው። «ዕረፍት» በሕግ የተቈጠሩ ቀናትን ስለሚያመለክት፣ በሥራው መካከል የሚገኘውን አጭር መተንፈሻ «ፋታ» ይበልጥ ይገልጸዋል።

የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል፤ የባሕር ዳሩ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ነው። ሆኖም በመኪና ጩኸት መካከል የሚነገረው አማርኛ በመዝገብ ቃሎቻችን ውስጥ የሚገባውን ቦታ ገና አላገኘም። ይህን ለማሟላት ቃል ሰብሳቢው ከመጻሕፍት መደርደሪያ ተነሥቶ ፈረቃ ሲለወጥ ከፋብሪካ በር፣ ከሆስፒታል የተረኞች ክፍል፣ ከታንኳ ማሰሪያው ዳር መገኘት ይኖርበታል። ሠራተኛው ገጣባውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ከእርሱ ከራሱ ሳንሰማ የምናወጣው ስያሜ ለመዝገብ እንጂ ለአቤቱታ አይጠቅመውም።